የኮምጣጤ እናት ምንድን ናት?

ያልተጣራ የአፕል ኮምጣጤ (አቼቶ) ጠርሙስ ግርጌ ላይ አተላ የመሰለ ነገር ይታያል። ቤት ውስጥ በተጣለ ኮምጣጤ ላይ ደግሞ ይኸው ነገር እንደ ወፍራም፣ የሚያሙለጨልጭ ስልባቦት ይጋገራል። የኮምጣጤ እናት የሚሏት ይህች ናት። ገላዋ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥም የተሠራው ከዚሁ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳየው እንግሊዛዊው ኬሚስት አድሪያን ብራውን ነበር።

ሴሉሎሱን የሚሠሩት አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዚህ ሥራቸው ኦክስጅን የግድ ስለሚያስፈልጋቸው ከአየር ጋር በሚገናኙበት የፈሳሹ ገጽ ላይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ዕቃውን በየቀኑ የሚያነቃንቅ ሰው እናቲቱን ያሰምጣታል፤ የሰመጠችው ሥራ ታቆማለች፣ ከላይ አዲስ እስክትሠራም ቀናት ይባክናሉ።

ብዙዎች የኮምጣጤው ጥንካሬ ከእናቲቱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ጥንካሬውን የሚወስነው ግን ስኳሩ ነው። መጀመሪያ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት በዚያ አልኮል ላይ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 1 በመቶ አልኮል ደግሞ ቢበዛ 1 በመቶ ገደማ አሲድ። የጣፋጭ አፕል ንጹሕ ጭማቂ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር ስላለው ወደ 5 በመቶ አሲድ ይደርሳል። ልጣጭና እምብርት በውኃ ዘፍዝፎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ብቻ መጨመር ግን ለሰላጣ እንጂ ለሌላ የማይሆን ቀጭን ኮምጣጤ ያወጣል። በልጣጭ የምትሠሩ ከሆነ ለአንድ ሊትር ውኃ 100 ግራም ስኳር አድርጉ።

ሁለት ሊትር የሚይዝ የብርጭቆ ማሰሮ እስከ ግማሹ በልጣጭ ሙሉና ስኳሩ የሟሟበትን፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጨምሩበት። ልጣጩ ከፈሳሹ በላይ እንዳይወጣ በንጹሕ ትንሽ ሳህን ተጫኑት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከተንሳፈፈው ልጣጭ ነው። በዚህ ደረጃ በየቀኑ ማማሰል ይጠቅማል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ አረፋው ያበቃል። ያኔ አጥልሉትና አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት። ለአራት እጅ ፈሳሽ አንድ እጅ ያልተጣራ፣ በሙቀት ያልታከመ ኮምጣጤ ጨምሩ። እናቲቱን ራሷን ማግኘት ግዴታ አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ በፈሳሹም ውስጥ አሉ።

አፉን ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ሳሳ ያለ ነጠላ ለትንንሾቹ የፍራፍሬ ዝንቦች በር ነው፤ ጥብቅ ክዳን ደግሞ አየሩን ይከለክላል። ከዚህ በኋላ አትነካኩት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይበቃዋል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ግን ይዘገያል። አሉሚኒየም፣ መዳብና ብረት አሲዱ ስለሚበላቸው ለዚህ አይሆኑም።

ስስ፣ ነጭና የተሸበሸበ ገለፈት ከታየ የዱር እርሾ ነው፤ ገፍፋችሁ ጣሉት። ጸጉራም፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ሻጋታ ነውና ሁሉም ይደፋ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ አልኮልና አሲድ ሲዋሃዱ የሚፈጠር ነው፤ ሥራው ሲቀጥል አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

አሲዱን ሳይለኩ የቤት ኮምጣጤን ለአትክልት ማቆያ መጠቀም ግን አንመክርም። ለዚያ ቢያንስ 5 በመቶ አሲድ ያስፈልጋል፤ ምላስ ደግሞ 3ን ከ5 አይለይም።

የአልኮሉ ጣዕም ሲጠፋ ወዲያው ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ክደኑ። አልኮሉ ያለቀባቸው ባክቴሪያዎች አየር ካገኙ አሲዱን ራሱን ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ የተረሳ ኮምጣጤ የሚላላው ለዚህ ነው።