«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ ብሂሉና የመንግሥታት ሽሽት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለተበዳይ ነው። አለቃው የገፋው ሠራተኛ ወይም መሬቱን ባለሥልጣን የወሰደበት ገበሬ «ልክሰስ» ብሎ ሲነሣ፣ አንድ ሽማግሌ ይህችን ጣል ያደርግለታል፤ መልእክቷም «እውነት አለህ፣ ችሎት ግን የለህም» ነው። ልብ ቢባል ብሂሉ ንጉሥ አይበድልም አላለም። በደሉን ሳይክድ የክሱን በር ብቻ ይዘጋል።

ብሂሉ የበቀለው እርሻና ሙግት የዕለት ኑሮ በሆኑበት አገር ነው። በቀድሞው ሥርዓት ባላጋራዎች ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ «በንጉሥ አምላክ» የተባለ ሰውም እግሩን አንሥቶ መሄድ አይችልም ነበር። ፍርድ የጎደለበት ሰው አቤቱታውን ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው እያሳለፈ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ግን መንገድ የለም። ታዲያ የንጉሡን ካባ ከማን ኩታ ጋር ይቋጥሩታል? ቢቋጠርስ ማን ፊት ይቆማል? በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብሩን የማይደፈር አድርጎ ሲደነግግ፣ ሕዝቡ በአንድ መስመር ሲለው የኖረውን በአንቀጽ ማስፈሩ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የብሂሉ ሰዋስው ነው። «አይታረስ» ሲባል «ረ» ከጠበቀ «ሊታረስ አይችልም» ወደሚለው ያደላል፤ ከላላ ግን «እንዳይታረስ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። በጽሑፍ ላይ ሁለቱ አይለዩም፤ «አይከሰስ» የሚለውም እንደዚሁ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። ሰማይ የማይታረሰው ሞፈር ስለማይደርስበት ነው፤ ንጉሥ የማይከሰሰው ግን ሰዎች እንዳይከሰስ ስለወሰኑ ነው። ብሂሉ እነዚህን ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ቀንበር ጠምዶ ቤት ሲያስመታቸው፣ ክልከላው የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ቁጭ ይላል።

መንግሥታት ከዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ የሚያመልጡት በዚሁ ስልት ነው፤ «አንፈልግም» ማለት ሲያሳፍር «አይቻልም» ይባላል። ማምለጡን የሚያቀልለው ደግሞ የሕጉ ጠባይ ነው። አንድ መንግሥት የሌላውን ዲፕሎማት ቢያስር የራሱ ዲፕሎማት ይታሰርበታል፤ በሸቀጥ ላይ ቀረጥ ቢቆልል ይቆለልበታል። የገዛ ዜጋውን ቢያሰቃይ ግን ጎረቤቱ የሚጎድልበት ነገር ስለሌለ፣ ስምምነቱን የፈረሙት አገሮች ሁሉ እያሉ ከሳሽ ይጠፋል።

የሂሴን ሀብሬ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሀብሬ ቻድን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 ገዛ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የፖለቲካ ፖሊሱ በዋና ከተማዋ በንጃሜና ከነበሩት እስር ቤቶች አንዱ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራ የመዋኛ ገንዳ ነበር፤ ገንዳው ላይ ኮንክሪት ተደፍቶበት፣ ውስጡ በክፍል በክፍል ተከፍሎ እስረኛ ታጎረበት። በተተወው የፖሊሱ መሥሪያ ቤት ወለል ላይ በ2001 ተበትነው በተገኙት ሰነዶች ውስጥ በእስር ላይ የሞቱ ወይም የተገደሉ የ1,208 ሰዎች ስም ተገኝቷል። ገዳዮቹ በጥንቃቄ ይመዘግቡ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ይመጣል ብለው አላሰቡም ማለት ነው።

ሀብሬ ሥልጣኑን ሲያጣ የሸሸው ወደ ሴኔጋል ነበር። ሴኔጋል የማሰቃየት ተግባርን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1986 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም በአሰቃይነት የተጠረጠረን ሰው ወይ ክሰሱ ወይ አሳልፋችሁ ስጡ ይላል። ይሁን እንጂ በ2000 ተበዳዮች የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ድረስ ሄደው አቤት ሲሉ አንድ ዳኛ ክስ ቢመሠርትም፣ በ2001 የሰበር ፍርድ ቤቱ ወንጀሉ በውጭ አገር ስለተፈጸመ ሥልጣን የለኝም አለ። የአገር ውስጥ ሕጉን ማሻሻል የሴኔጋል የራሷ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ አለማሻሻሏ ማምለጫ ሆነላት። «አይቻልም» የሚባለው እንዲህ ነው።

በሩን የገፉት በአንድ በኩል ተስፋ ያልቆረጡት ተበዳዮች፣ በሌላ በኩል ተበዳዮች አቤቱታቸውን ያቀረቡላት ቤልጅየም ናቸው። ቤልጅየም በ2005 የእስር ማዘዣ አወጣች፤ በ2009 ደግሞ ሴኔጋልን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 2012 ላይ ሴኔጋል ሳትዘገይ ሰውየውን ለክስ እንድታቀርብ፣ አለዚያም አሳልፋ እንድትሰጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት በዳካር አዲስ መንግሥት ሥልጣን ይዞ ነበር፤ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነትም ልዩ ችሎት በ2013 ተቋቋመ። በእኔ ግምት ሴኔጋልን ያስገደዳት የሕጉ ቃል ብቻውን አይደለም፤ ቃሉማ ከ1986 ጀምሮ እዚያው ነበር። መሸሽ ከመክሰስ ይልቅ የሚያስከፍልበት ቀን ስለደረሰ ነው።

ሀብሬ ችሎቱን ባለመቀበሉ፣ መስከረም 2015 ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ ጠባቂዎች ተሸክመው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ኩታ ለኩታ መቋጠር በዘመናችን ይህን ይመስላል። ግንቦት 2016 ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ሀብሬ ከሸሸ ከስድስት ወር በኋላ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናቸው ብሎ፣ በይግባኝ ሞት ቢፈርድባቸውም ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችም። በሀብሬ ጉዳይ ቤልጅየም የያዘችውን ቦታ የሚይዝ ሌላ መንግሥት እዚህ አልተገኘም።

የዳካሩ የይግባኝ ችሎት በ2017 ለተበዳዮቹ ከ80 ቢሊዮን የሴፋ ፍራንክ በላይ ካሣ ወስኖ ነበር። ሀብሬ በነሐሴ 2021 ሲሞት ገና አልተከፈላቸውም።