የእርግዝና ኬጅ ምንድን ነው?

የእርግዝና ኬጅ የሚባለው በዘመናዊ የአሳማ እርባታ ውስጥ ያረገዘች አሳማ ብቻዋን የምትቆይበት፣ ዙሪያው በብረት ዘንግ የታጠረ ጠባብ ቦታ ነው። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 2 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በውስጡ የምትቆመው አሳማ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝን ትችላለች። ከፊቷ የመኖ ገንዳና ውሃ ይቀመጥላታል። መነሳት፣ መተኛት፣ አንድ እርምጃ ወደፊትና ወደኋላ ማለት ትችላለች፤ መዞር ግን አትችልም። እርግዝናዋ 115 ቀን ያህል ይቆያል፤ ግልገሎቿ ጡት በተዉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እንደገና ስለምትጠቃም፣ ኬጁ በሚሠራበት እርባታ የዕድሜዋ አብዛኛው ክፍል እዚያው ያልፋል።

አርቢዎች ይህን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ያረገዘች አሳማ እንዳትወፍር መኖዋ ተመጥኖ ስለሚሰጣት ሁልጊዜ ይርባታል፤ ብዙዎቹ በአንድ በረት ሲሆኑ ጉልበተኛዋ የደካማዋን ድርሻ ትነጥቃለች፤ አዲስ የተቀላቀሉ እንደሆነም ይነካከሳሉ። በኬጅ ግን እያንዳንዷ የራሷን ትበላለች፤ አንድ ሠራተኛም ብዙ አሳማ መቆጣጠር ይችላል። ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን እንስሳዋን ከሞላ ጎደል ከእንቅስቃሴ የሚያግድ ነው።

ምን እንደተወሰደባት ለማወቅ፣ ነፃ ስትሆን የምታደርገውን ማየት ይበቃል። በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ አቅራቢያ፣ ስቶልባና ዉድገሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ከእርባታ የመጡ አሳማዎችን ዛፍና ሣር ባለበት ሰፊ ቦታ ለቀው ተከታትለው ነበር። አሳማዎቹ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት መሬት በአፍንጫቸው ሲቆፍሩና ሣር ሲግጡ ይውሉ ነበር። የመውለጃዋ ሰዓት የደረሰችው ደግሞ ከመንጋው ርቃ፣ ሣርና ቅርንጫፍ በአፏ እያመጣች ጎጆ ትሠራለች። በብዙዎቻችን ዘንድ አሳማ የቆሻሻ ምሳሌ ሆኖ ቢቀርም፣ ቦታ ካገኘ የሚተኛበትንና የሚጸዳዳበትን ይለያል፤ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለለውም እንደ እኛ በላብ መቀዝቀዝ ስለማይችል ነው። በኬጅ ውስጥ ግን የምትበላውም፣ የምትተኛውም፣ የምትጸዳዳውም እዚያው ነው። ከፊቷ ያለውን ብረት ደጋግማ የምትነክስ፣ ወይም አፏ ባዶ ሆኖ አረፋ እስኪደፍቅ የምታኝክ አሳማ በእንዲህ ያለ እርባታ እንግዳ አይደለችም።

በብሪታንያ በፕሮፌሰር ሮጀር ብራምቤል የተመራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ዘገባ፣ ማንኛውም የእርባታ እንስሳ ቢያንስ መነሳት፣ መተኛት፣ መዞር፣ ሰውነቱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት እንዲችል ጠይቆ ነበር። ከአምስቱ መካከል መዞር የቱን ያህል ትንሽ ጥያቄ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ሆኖም ብሪታንያ ራሷ ኬጁን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ክልከላ ከጥር 2013 ጀምሮ ጸንቷል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ በ2002 በሕዝብ ድምፅ ከለከለች፤ የካሊፎርኒያ መራጮችም በ2018 ለአንዲት የመራቢያ አሳማ 24 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 2.2 ካሬ ሜትር ያህል፣ እንዲሰጥ ወሰኑ። የካሊፎርኒያው ሕግ ከሌላ ግዛት መጥቶ በዚያ የሚሸጠውን ሥጋም ስለሚመለከት የአሳማ አምራቾች ማኅበር ክስ መሥርቶ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የማኅበሩን አቤቱታ አልተቀበለም።

የአውሮፓው ክልከላ ግን ቀዳዳ አለው። ከተጠቃችበት ቀን አንሥቶ ያሉትን የመጀመሪያ አራት ሳምንታት አይመለከትም፤ መውለጃዋ አንድ ሳምንት ሲቀረውም ያበቃል። ከዚያ በኋላ የምትገባበት የመውለጃ ኬጅ ሌላ ነው፤ ዓላማው እናቲቱ ስትተኛ ግልገሎቿን እንዳትጨፈልቅ መከላከል ነው። ይሁንና የምትገባበት ጊዜ ጎጆ የመሥራት ፍላጎቷ ከሚነሣበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ገለባ በሌለበት ወለሉን በእግሯ ትጭራለች፣ ብረቱን በአፍንጫዋ ትገፋለች። ስዊድን፣ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ በመደበኛነት የማይፈቅዱት ይህንንም ነው፤ በእነርሱ ዘንድ እናቲቱ ገለባ በተነጠፈበት በረት እንደልቧ እየዞረች ትወልዳለች።