የቢራ የማቅረቢያ ሙቀት ምንድን ነው?

የማቅረቢያ ሙቀት የሚባለው ቢራው በብርጭቆ ተቀድቶ ጠጪው አፍ ሲደርስ ያለው ሙቀት ነው። የቀዝቃዛ ክፍሉ ማሳያ ላይ የሚነበበው ቁጥር አይደለም፤ ቢራው ከመቅጃው ሲወርድ ያለውም አይደለም። ከበርሜል እስከ ብርጭቆ ባለው መንገድ ላይ ቢራ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩት ቢራ) የሚሸጥ ቤት ይህን መንገድ ካላወቀው፣ ጠማቂው የደከመበት ቢራ ጠጪው ዘንድ ሲደርስ ሌላ ቢራ ሆኖ ነው።

ብርድ ጣዕምን ይደብቃል። ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ተንነው አፍንጫ ካልደረሱ አይታወቁም፤ ቢራው በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ አይተኑም። ምላስም ይደነዝዛል። የብቅሉ ጣፋጭነት ይጠፋና ምሬቱና የጋዙ ቁንጥጫ ብቻ ይቀራሉ። ለቀላል ላገር (በቅዝቃዜ ለሚፈላው የተለመደ ቢራ) ይህ ጉዳት የለውም፤ ሰው የሚጠጣው ጥሙን ለመቁረጥ ነውና። አይ.ፒ.ኤ የሚባለው ምሬቱና ሽታው ጠንከር ያለ ቢራ ግን በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀርብ መራራ ውሃ ይመስላል፤ በ8 ዲግሪ ያው ቢራ የብርቱካን ልጣጭና የማንጎ ሽታ ያወጣል። ስታውት (ከተቆላ ብቅል የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ) በ3 ዲግሪ ቀጭንና የተቃጠለ ነገር ጣዕም ያለው ነው፤ 11 እና 12 ዲግሪ ሲደርስ ቡናው፣ ቸኮሌቱና ውፍረቱ ይመጣል። «ጥርስ የሚያም ቢራ ጥሩ ቢራ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ለክራፍት ቢራ አይሠራም። ጠጪው ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለው ብርዱ ለሚደብቀው ነገር ነው።

ቁጥሮቹ በግምት እንዲህ ናቸው፦ ላገርና ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ የስንዴ ቢራ ከ5 እስከ 8፣ ፔል ኤልና አይ.ፒ.ኤ (ኤል የሚባለው ከላገር ሞቅ ባለ ሙቀት የሚፈላ ቢራ ነው) ከ7 እስከ 10፣ ፖርተርና ስታውት ከ10 እስከ 13። አልኮላቸው ከ9 በመቶ በላይ የሆኑት ባርሊ ዋይንና ኢምፔሪያል ስታውት እስከ 14 ዲግሪ ይሄዳሉ። አልኮሉ ከፍ፣ ብቅሉ ጠቆር ባለ ቁጥር ሙቀቱም ከፍ ይላል ብሎ መያዝ ይቻላል። በናይትሮጅን የሚቀዳ ስታውት ከዚህ ወጣ ያለ ነው፤ እሱ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ላይ ይቀርባል።

እንግሊዝ አገር በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው ካስክ ኤል የሚቀርበው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ቢራው ከመጠጥ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ተቀምጦ እዚያው በርሜሉ ውስጥ መፍላቱን ይጨርሳል፤ ከውጭ ጋዝ አይጨመርበትም። የማያውቅ ሰው «እንግሊዞች ሙቅ ቢራ ይጠጣሉ» ይላል፤ ግን 12 ዲግሪ ሙቅ አይደለም። ከጋን የተቀዳ ጠላ ፍሪጅ ሳይገባ እንደሚቀዘቅዝ ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ካስክ ኤል ይደፈርሳል፣ ሽታው ይታፈናል። ከ14 በላይ ሲወጣ ጋዙ ያመልጥና ለመኮምጠጥ ይቸኩላል። አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው በ3 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት።

በጋዝ የሚገፋው የድራፍት በርሜል ሌላ ታሪክ ነው። በደንብ በተሠራ ፐብ ሁሉም በርሜል፣ ላገሩም ስታውቱም፣ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በ3 ዲግሪ ገደማ ይቀመጣል። አይ.ፒ.ኤው 8 ዲግሪ የሚፈልግ ከሆነ ለምን 3 ላይ ይቀመጣል? መልሱ ጋዙ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፤ ቢራው ሲሞቅ መውጣት ይፈልጋል። የተለመደው የጋዝ መጠን በአንድ ሊትር ቢራ ወደ 5 ግራም ነው። ይህን መጠን ሳይለቅ ለመያዝ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ፣ በርሜሉ 3 ዲግሪ ከሆነ 0.75 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይበቃል። 7 ዲግሪ ከሆነ 1 ባር ያስፈልጋል፤ በ20 ዲግሪ ክፍል የተቀመጠ በርሜል ደግሞ 1.9 ባር ገደማ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ላይ በዚህ ላይ የሚጨመር አለ። ከተማው ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ0.25 ባር ገደማ ያንሳል። ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚያሳየው መሣሪያ) የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሠንጠረዥ 0.75 ባር ሲል፣ አዲስ አበባ ያለው ጌጅ ላይ 1 ባር መታየት አለበት። ሠንጠረዡን እንዳለ የሚከተል ቤት በርሜሉ እየተቀዳ በሄደ ቁጥር ጋዝ ያጣ፣ የተኛ ቢራ ይሸጣል።

አሁን ወደ አረፋው እንምጣ፤ ብዙ ቢራ የሚባክነው እዚህ ነው። ቀዝቃዛ ክፍሉ ከ3 ወደ 7 ዲግሪ ሲወጣ ቢራው አረፋ ብቻ ሆኖ መውረድ ይጀምራል። ባርማኑ ጋዙ የበዛ ይመስለውና ጌጁን ዝቅ ያደርጋል። ግፊቱ ሲወርድ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ይበልጥ ከቢራው ይለቀቃል፣ አረፋው ይብሳል። ጌጁን ከመንካት በፊት የበርሜሉን ሙቀት መለካት ነው። በርሜል ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ 10 ዲግሪ ላይ ሆኖ የመጣ ሙሉ በርሜል በቀዝቃዛ ክፍል 3 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ጠዋት የመጣውን በርሜል ማታ መክፈት ለዚህ ነው የማያዋጣው።

በርሜሉ ውጭ ተቀምጦ ቢራው በበረዶ ውሃ ውስጥ የተጠመጠመ ቱቦ አልፎ የሚቀዘቅዝበት ማሽንም አለ። ቶሎ ለሚያልቅ ቢራ ይሠራል። ግን ማሽኑ በሰዓት የሚያቀዘቅዘው ሊትር የተወሰነ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲሞላ በረዶው ያልቅና ቢራው 9 እና 10 ዲግሪ ሆኖ ይወርዳል። ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ጀርም ለመግደል ያልተሞቀ) ክራፍት ቢራን በዚህ መንገድ ውጭ ማቆየት አይመከርም። ጠማቂዎች 3-30-300 የሚሉት የግምት ደንብ አላቸው፦ በ32 ዲግሪ 3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ 300 ቀን የቆየ ቢራ ተመሳሳይ እርጅና ያሳያል።

በ3 ዲግሪ የተቀመጠው አይ.ፒ.ኤ 8 ዲግሪ እንዴት ይደርሳል? ዋናውን ሥራ ብርጭቆው ይሠራል። 600 ግራም የሚመዝን ወፍራም ጃምቦ በ22 ዲግሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሊትር የ4 ዲግሪ ቢራ ሲቀዳበት፣ ቢራውን እስከ 7.5 ዲግሪ ያደርሰዋል። 250 ግራም የሚመዝን ስስ ብርጭቆ የሚጨምረው ከ2 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ለላገር ስሱ፣ ለኤል ወፍራሙ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ራሱ በየ4 እና 5 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስታውት ያዘዘ ሰው ሩብ ሰዓት ቢታገስ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ይለወጣል፤ ይህን አስተናጋጁ ቢነግረው መልካም ነው።

ብርጭቆን ፍሪዘር ማስገባት ግን መቅረት አለበት። ውስጡ የሚይዘው ስስ በረዶ አረፋ ያስነሳል፣ ሲቀልጥም ቢራውን ያቀጥናል፤ የፍሪዘሩ የሥጋና የዓሣ ሽታም አብሮ ይመጣል። ንጹሕ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ መቅዳት በቂ ነው።

ከመቅጃው የሚወርደውን ቢራ ሙቀት መለካትም ሥርዓት አለው። ከመቅጃው የመጀመሪያው ብርጭቆ አይለካበትም፤ ቱቦውና የመቅጃው አንገት ውስጥ ቆሞ የሞቀ ቢራ ስለሆነ። ሁለተኛውን ቀድቶ፣ ብርጭቆው በራሱ ሙቀት እንዳያሳስት ያንኑ ደፍቶ፣ በዚያው ብርጭቆ ሦስተኛውን ቀድቶ ቴርሞሜትሩን መሃል ድረስ መክተት ነው። ቀዝቃዛ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ቴርሞሜትሩ አየር ላይ አይሰቀልም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይዘላልና። በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ በርሜሎቹ አጠገብ ማደር አለበት። ጠዋት የሚነበበው የውሃው ሙቀት ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት የበሩን ጎማና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ ማየት ያስፈልጋል።