በተንሳፋፊ ነገሮች የውሃን ጉዞ መከታተል፦ ከውቅያኖስ እስከ ጣና

የውቅያኖስ ጅረት የባሕር ውሃ አቅጣጫ ይዞ የሚያደርገው ጉዞ ነው። የወንዝ መንገድ በዳርቻው ይታወቃል፤ የባሕሩን ለማወቅ ግን ውሃው የተሸከመውን ነገር መከተል ግድ ይላል። ጎንደር ከባሕር ብትርቅም ነገሩ ለነዋሪዋ እንግዳ አይደለም፤ በክረምት አንገረብና ቀሃ ጠርገው የሚወስዱት ግንድና ላስቲክ በመገጭ በኩል የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ የሰመጠችው የጃኔት መርከብ ቁሳቁስ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ግሪንላንድ ጠረፍ ላይ ተገኘ። ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን ይህን ይዞ ከዋልታው በኩል የሚያልፍ ጅረት መኖር አለበት አለ፤ ሐሳቡንም ለመፈተን ፍራም የተባለችውን መርከብ በ1893 ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛት። መርከቧ ከበረዶው ጋር ተጉዛ በ1896 ከኖርዌይ በላይ ካሉት የስቫልባርድ ደሴቶች በስተሰሜን ወጣች። በዚህ የጥናት ዘርፍ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት የታየ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ደግሞ ከአንድ የጭነት መርከብ ላይ 28,800 ያህል የፕላስቲክ ዳክዬ፣ ኤሊ፣ እንቁራሪትና ቢቨር ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ፤ ከ10 ወር ገደማ በኋላም አላስካ ዳርቻ መውጣት ጀመረ። የውቅያኖስ ተመራማሪዎቹ ከርቲስ ኤብስማየርና ጄምስ ኢንግራሃም የወደቀበትን ቦታና ቀን ስለሚያውቁ፣ የተገኘበትን ከኮምፒውተር ስሌታቸው ጋር ለማመሳከር ቻሉ። መነሻው ያልታወቀ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።

ሌላው ችግር ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ስለዚህ የሚያሳየው ከውሃው ጉዞ ይልቅ የነፋሱን ነው። ሙሉ በሙሉ ሊሰጥም ጥቂት የቀረው ግንድ የተሻለ ምስክር ነው። ዛሬ ውቅያኖስ ላይ የሚለቀቁት ተንሳፋፊ መሣሪያዎችም የተሠሩት በዚሁ መርህ ነው፤ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ ቦታዋን በሳተላይት ስታሳውቅ፣ 15 ሜትር ጥልቀት ላይ የተንጠለጠለው ሰፊ ጨርቅ ከነፋስ ይልቅ ውሃው እንዲጎትታት ያደርጋል። አርጎ የሚባሉት ደግሞ 1,000 ሜትር ወርደው ይንሳፈፉና በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጀምሮ ሙቀትና ጨዋማነት እየለኩ ወደ ላይ ይወጣሉ።

የውቅያኖሱ መሣሪያ እንዳለ ጎርጎራ ላይ ቢለቀቅ ግን ጨርቁ መሬት ይነካል፤ የጣና ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነውና። ለእንዲህ ያለ ሐይቅ የሚስማማው ከአንድና ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ጨርቅ የታሰረበት፣ ጂፒኤስ የተገጠመለት ተንሳፋፊ ነው።