አዝትላን የት ነው?

በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ስለ አዝትላን ሲናገሩ የሰማ ሰው ካርታ ቢዘረጋ አያገኘውም። በሜክሲካዎች፣ ማለትም በተለምዶ አዝቴክ በምንላቸው ሕዝብ ትረካ፣ አዝትላን ቀደምቶቻቸው ወደ ደቡብ ከመሰደዳቸው በፊት የኖሩበት ምድር ነው። ዊትዚሎፖችትሊ የተባለው አምላካቸው እየመራቸው ተጉዘው፣ ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ባለችበት ስፍራ ቴኖችቲትላንን ቆረቆሩ። መነሻውን በእርግጠኝነት ያገኘ ግን የለም።

ታዲያ ስሙ ወደ አሜሪካ ፖለቲካ እንዴት ገባ? እ.ኤ.አ. በ1848 በተፈረመው የጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ሜክሲኮ ሰፊውን የሰሜን ግዛቷን ለአሜሪካ ለቀቀች። በዚያ የነበሩ ሰዎች ከቤታቸው ሳይነቃነቁ የሌላ አገር ነዋሪ ሆኑ። በ1969 በዴንቨር የተሰበሰቡ የቺካኖ፣ ማለትም የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን፣ ወጣቶች ይህንኑ ምድር አዝትላን ብለው ጠሩት። በተወለዱበት አገር መጤ እየተባሉ ላደጉ ልጆች ይህ ምን ያህል ቀና እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም! አንዳንዶች የመሬት ጥያቄ አድርገው ያዩታል፤ ለብዙዎች ግን የማንነት አገር ነው። በሳን ዲዬጎ ቺካኖ ፓርክ፣ በድልድይ ሥር፣ ባለ ላባው እባብ የአዝቴኮች አምላክ ኬትሳልኮአትል በደማቅ ቀለም ተስሎ ይታያል።

አንድ ነገር ግን መድበስበስ የለበትም። የሜክሲኮ ተወላጅ ሁሉ የሜክሲካ ዘር አይደለም። ማያዎች፣ ሳፖቴኮችና ፑሬፔቻዎች የየራሳቸው አማልክት፣ ትረካና ቋንቋ አላቸው። በሎስ አንጀለስ ዛሬም ሳፖቴክኛ የሚነገርባቸው ቤቶች አሉ፤ እነርሱንም በአዝትላን ስም መጠቅለል ሌላ ዓይነት መርሳት ይመስለኛል።