ተማሪና የሰፈር ጉዳይ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚባለውና እውነታው

«እጅህን ሰብስበህ ተማር፤ ሌላው አያገባህም»

ከቢቸናም ከሞጣም ልጁን ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ የሚልክ ወላጅ ስንቁን ሲያስይዝ ይህንንም ይጨምርበታል። አይፈረድበትም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በግዴታ ገጠር ዘመቱ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣና ስንቱን ተማሪ በላው። ፍርሃቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ዛሬም የሚያስፈራ ነገር አልጠፋም። ችግሩ «ፖለቲካ» የሚለው ስም የሰፈሩን የቧንቧና የቆሻሻ ጉዳይም ጠቅልሎ መያዙ ነው።

«ተሳትፎ ማለት ሰልፍ መውጣት ነው»

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ሰላማዊ ሰልፍን ያነሳል። እዚያው ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትም አለ፤ እሱን ግን ማንም አያስታውሰውም።

የሰፈሩ ቦኖ ውሃ አቆመ እንበል። ፌስቡክ ላይ ብሶት መጻፍ ቀላል ነው። ማመልከቻም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ቦታው የት እንደሆነ፣ ውሃው ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ ይጻፍና ነዋሪው ይፈርምበታል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ የሚመለከተው ቢሮ መዝገብ ቤት ይገባል። ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ ይዞ መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ «ነገ ና» ቢባል እንኳ የሚጠቀስ ቁጥር አለ። በቃል የተነገረ አቤቱታማ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ጎረቤቶቹ ጉዳዩን ያውቁታል፣ የሚቸግራቸው ጽሑፉ ነው። ተማሪው ደግሞ የሚችለው እሱን ነው።

«እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ»

ሦስት ዓመት ተከራይቶ የኖረ ሰው ምን እንግዳነት አለው? ዕድሩ ተማሪን አባል ላያደርግ ይችላል። ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚሸከም ልጅ ግን የሚጠላ የለም። አከራይዋ «የእኔ ልጅ» ማለት የሚጀምሩትም ያኔ ነው። በነገራችን ላይ፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ሲዞር በር የሚከፈትለት እንዲህ የታወቀ ልጅ ነው።

«አንድ ቅዳሜ ከዘመትን ይበቃል»

ባሕር ዳር ያሉ ተማሪዎች ይህን ከጣና እምቦጭ ሊማሩት ይችላሉ። ከአረሙ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ነቅለው ዳር ላይ የተዉትን ማዕበል መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ቲሸርት አሰርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ለእምቦጩ ምኑም አይደለም። ተራ ወጥቶለት በየጊዜው የሚመለስ ትንሽ ቡድን ይሻላል።

«ግቢ ውስጥ ሆኜ መምረጥ አልችልም»

18 ዓመት የሞላው መምረጥ ይችላል። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ምዝገባው ግን ከድምፅ መስጫው ቀን ቀድሞ ስለሚዘጋ ካርዱን በጊዜ ማውጣት ነው።