ኩፍኝና ዕድሜ በጣና ዳርቻ

ባሕር ዳር ላይ «ኩፍኝ ወጣበት» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ሕፃን ልጅ ነው። ወረርሽኝ ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ይበዛሉ። ቫይረሱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ያልተከተበና ከዚህ በፊት ያልታመመ ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት በእናቱ ይጠበቃል። እሷ ታማ ወይም ተከትባ ከነበር መከላከያዋ በማሕፀን ሳለ ወደ ልጁ ያልፋል። ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ ግን ይሳሳል። የመጀመሪያው ክትባት ደግሞ በ9 ወር ነው። ታዲያ ለምን አይቀደምም? የእናቲቱ መከላከያ በደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያደክመዋል። በ9 ወር ተሰጥቶ እንኳ ከ100 ልጆች የሚይዝላቸው 85 ያህሉ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዙር የተጨመረው ለዚህ ነው። ብዙ ልጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እናት «ጨርሷል» ብላ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች።

የቀሩት ልጆች ትምህርት ቤት ይገናኛሉ። አንድ ታማሚ መከላከያ ከሌላቸው መሃል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ፣ ገና «ጉንፋን ነው» እየተባለ ይተላለፋል።

አዋቂም ይያዛል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርደው ተደራርበው የሚያድሩ ወጣቶችን አስቡ። ሽማግሌዎች ግን እምብዛም አይያዙም። በልጅነታቸው ክትባት ስላልነበረ አብዛኞቹ ታመው አልፈውታል፤ አንዴ የያዘው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይደገምበትም።

ደሴት ላይ ነገሩ ይለያል። በ1846 እ.ኤ.አ. ኩፍኝ በሰሜን አትላንቲክ ያሉትን የፋሮ ደሴቶች ሲመታ ከ7,800 ገደማ ነዋሪ 6,000 ያህሉ ታመመ፤ ሕፃን አዋቂ አልተለየም። በ1781 እ.ኤ.አ. ታመው የነበሩ አዛውንቶች ግን ዳግመኛ አልተያዙም። ደቅን የመሰለ የጣና ደሴት እንደዚያ የተነጠለ አይደለም፤ ጀልባ ይመላለሳል። ሆኖም ያልተከተቡ ልጆች ለዓመታት ከተጠራቀሙ አንድ መንገደኛ ይበቃል።

ሕመሙ ከ5 ዓመት በታችና ከ20 ዓመት በላይ ይከፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የሚያስከትለው የሳንባ ምች ነው። ለታመመ ልጅ ለ2 ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑን ከመታወር ያድናል።

ክትባቱ ራሱ አንድ ጣጣ አለው። አንዱ ብልቃጥ ለበርካታ ልጆች ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጅ በሚያንስበት ቦታ ባለሙያዋ «ሌሎች ሲመጡ እከፍተዋለሁ» ልትል ትችላለች። በጀልባ ተሻግራ የመጣች እናት ደግሞ ሁለተኛ ላትመለስ ትችላለች።